ቮልስ በሆዷ የደበቀችው

ከአሮጌ ቮልስ የኋላ እግር አንድ ክብ ብረት ይወጣል። ርዝመቱ ከግማሽ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ውፍረቱ የአውራ ጣት ያህል ነው። ግራሱ ተጠርጎ በጨርቅ ሲታሽ መሐሉ ልሙጥ ሆኖ ይታያል፤ ሁለቱ ጫፎቹ ግን ዙሪያቸውን ቀጫጭን ጥርስ አውጥተዋል። ላይ ላዩን ለሚያይ ሰው የሁለቱም ጫፍ ጥርሶች አንድ ናቸው። አንዷን ጥርስ በኖራ ምልክት አድርጎ በትዕግሥት የቆጠረ ግን በውስጠኛው ጫፍ 40፣ በውጨኛው 44 ያገኛል።

የአራት ጥርስ ልዩነቱ የፋብሪካ ስሕተት አይደለም። ቮልስ ከኋላዋ እንደ ጭነት መኪና ባሌስትራ፣ እንደ ብዙዎቹ የቤት መኪኖች ጥምዝምዝ ሞላ የላትም። ክብደቷን የሚሸከመው ይኸው ሲጠመዘዝ መልሶ የሚፈታ ብረት ነው። አንዱ ጫፍ በሻንሲው መሐል ተሰክቶ አይነቃነቅም፤ ሌላው ጫፍ ጎማው የተያዘበትን ክንድ ይሸከማል። ጀርባዋ በጭነት ብዛት ወይም በዕድሜ ሲወርድ ክንዱን በጥቂቱ ወደ ታች ማዞር ያስፈልጋል። ሙሉ ዙር 360 ዲግሪ ነውና፣ በ40ው በኩል አንድ ጥርስ ማለፍ 9 ዲግሪ ያዞራል። ይህ ደግሞ እጅግ ብዙ ነው፤ መኪናዋን እንደ ፌንጣ ያቆማታል። በ44ቱ በኩል አንድ ጥርስ ከ8 ዲግሪ ጥቂት ይበልጣል። መካኒኩ የውስጡን አንድ ጥርስ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ የውጩን አንድ ጥርስ ወደ ተቃራኒው ሲያዞር የሚቀረው ልዩነት አንድ ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ተጨማሪ ብሎን የለም፤ ልዩ ማስተካከያ የለም፤ ጥርስ እየቆጠሩ ብቻ የመኪናዋ ቁመት በጥቂት ሚሊ ሜትር ይስተካከላል።

ይህን ብረት ባለመኪናው ዕድሜ ልኩን ላያየው ይችላል። ቮልስን የሚያውቃት በክብ ጀርባዋ፣ ከኋላ በሚሰማው የሞተሯ ድምፅና ቤተሰቡን ችላ በመሄዷ ነው። መካኒኩ የሚያውቃት ቮልስ ሌላ ናት። ለዓይን ምንም የማትናገረው መኪና በሆዷ የደበቀችው ጥበብ የተገለጠው ዘይት በነካው እጅ ለፈቷት ሰዎች ነው፤ የዚህች መኪና እውነተኛ ታሪክም በእነሱ እጅ ያለው ይመስላል።

ጥበቡ ከችግር የተወለደ ነው። ፈርዲናንድ ፖርሸ ተጠምዛዡን ብረት በፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1931 ነበር። ሰኔ 1934 ላይ ከጀርመን የመኪና አምራቾች ማኅበር ጋር ውል ሲፈራረም ከፊቱ የተቀመጠው ዋጋ ከ1000 ማርክ በታች ነበር፤ በኋላም 990 ማርክ ሆነ። በዚያ ዘመን በዚያ ዋጋ አራት ሰው የምትጭን መኪና መሥራት የማይሆን ነገር ነበር። የሂትለር መንግሥት ግን ሠራተኛው በየሳምንቱ 5 ማርክ እየቆጠበ ቴምብር እንዲለጥፍና መኪናውን እንዲጠብቅ አደረገ። ከ330 ሺህ በላይ ሰዎች ቆጠቡ፤ ከእነርሱ መካከል በዚያ መንግሥት ዘመን መኪናውን የተረከበ አንድም ሰው የለም። ጦርነቱ መጣ፤ ፋብሪካው ለሠራዊቱ ማምረት ጀመረ፤ ከየተወረረው አገር የተጋዙ ሰዎች በግዳጅ ሠሩበት። ይህ የቮልስ ታሪክ አካል ነውና ሊታለፍ አይገባም።

የጥበቡ ባለቤትነትም ንጹሕ አይደለም። የቼኮዝሎቫኪያው ታትራ ፋብሪካ መሐንዲስ ሃንስ ሌድቪንካ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ከኋላ የተጫነባቸው መኪኖችን ቀደም ብሎ ሠርቶ ነበር። በዚህ የተነሳው ክርክር ጦርነቱን ተሻግሮ፣ አምራቹ ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አንድ ሚሊዮን የጀርመን ማርክ ከፍሎ ነው ያበቃው።

ፋብሪካውን ከፍርስራሽ ያነሳው የእንግሊዝ ጦር መሐንዲስ ሻለቃ አይቫን ኸርስት ነው፤ ከ1948 ጀምሮ ደግሞ ሃይንትስ ኖርድሆፍ መራው። የኖርድሆፍ መንገድ ለዚህ ጽሑፍ ዋነኛው ነገር ነው። ሌሎች ኩባንያዎች በየዓመቱ የመኪናቸውን መልክ ሲቀያይሩ፣ እርሱ መልኳን ትቶ ሆዷን ለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1953 ለሁለት የተከፈለው የኋላ መስታወቷ አንድ ሞላላ ሆነ፤ በ1957 ደግሞ ሰፋ አለ። ከዚህ ውጭ ያለውን ለውጥ ከመንገድ ዳር ሆኖ የሚያይ ሰው ብዙም አይለየውም። ውስጧ ግን በየዓመቱ ሌላ ነበር። ለዚህ ነው ጎበዝ የቮልስ መካኒክ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት «የስንት ዓመተ ምሕረት ናት?» ብሎ የሚጠይቀው። ያልጠየቀ ሰው ከሱቅ ያመጣው ዕቃ ላይገጥምለት ይችላል።

990 ማርክ ባስገደደው ሒሳብ አንድ ዕቃ ሁለት ሥራ መሥራት ነበረበት። ዲናሞውን እንይ። በአንድ ጫፉ በቺንጋ ይዞራል፤ ሌላው ጫፉ ደግሞ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ትልቅ ማራገቢያ ይሸከማል። መብራቱና ቅዝቃዜው በአንድ ዘንግ ላይ ናቸው። ስለዚህ በቮልስ ላይ ቺንጋ ሲበጠስ ባትሪው ቻርጅ ማድረግ ማቆሙ ቀላሉ ጉዳይ ነው፤ ሞተሩ ትንፋሽ አጥቷልና ወዲያው መቆም አለበት። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ሲበራ «ባትሪ ነው፣ ቤት እደርሳለሁ» ብሎ የነዳ ሰው ሞተሩን አቃጥሎ ነው የሚደርሰው።

ቺንጋውን ማጥበቅ ራሱ ሌላ ምሥጢር አለው። የዲናሞው መዘውር ሁለት ገጽ ነው፤ በሁለቱ መካከል ቀጫጭን ቀለበቶች ይቀመጣሉ። ቺንጋው ሲላላ አንድ ቀለበት ከመሐል ይወጣል፤ ገጾቹ ይቀራረባሉ፤ ቺንጋው ወደ ላይ ይገፋና ይጠብቃል። የወጣው ቀለበት አይጣልም፤ ከውጭ በኩል በዚያው ፍሬ ሥር ይታሰራል። አዲስ ቺንጋ ሲገባ ቀለበቱ እዚያው አለ፤ ኪስ ውስጥ አይፈለግም፤ መንገድ ላይ አይጠፋም። ፍሬው ሲፈታ መዘውሩ እንዳይዞር ደግሞ ጠርዙ ላይ ትንሽ ስንጥቅ ተበጅቶለታል፤ ካቻቢቴ እዚያ ገብቶ ከዲናሞው አካል ላይ ብሎን ይደገፋል። አንድ ካቻቢቴና አንድ ቁልፍ ከያዘ ሰው፣ በየትኛውም አቀበት ላይ ቢሆን፣ አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

የፊት መስታወት ማጠቢያውም እንዲሁ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ በተሠሩት ላይ ለውኃው ፓምፕ የለውም። ከፊት ኮፈን ሥር ከተኛው ትርፍ ጎማ ቀጭን ጎማ ቱቦ ይወጣል፤ የጎማው አየር ውኃውን ገፍቶ መስታወቱ ላይ ይረጨዋል። ለዚህም ትርፍ ጎማው ከሌሎቹ ይበልጥ ይነፋል። መሐል ላይ ያለች ትንሽ ቫልቭ የአየሩ ግፊት ለመንዳት ከሚበቃው በታች ሊወርድ ሲል ትዘጋለች። መስታወት በማጠብ ብዛት ትርፍ ጎማ ተንፍሶ መንገድ ላይ መቅረት የለም።

እስከ 1961 የነበረችው መደበኛ ቮልስ የቤንዚን ጌጅም አልነበራትም። በምትኩ ከዳሽቦርዱ ሥር፣ በእግር ጣት ሊነካ የሚችል ትንሽ መክፈቻ ነበራት። ታንከሯ 40 ሊትር ይይዛል። ታንከሩ ውስጥ የቆመ ረዘም ያለ ቱቦ ቤንዚኑን ከላይ ይወስዳል፤ 5 ሊትር ገደማ ሲቀር ቱቦው ከነዳጁ በላይ ይቀራልና ሞተሩ ይንተባተባል። ያን ጊዜ ሹፌሩ መክፈቻውን ያዞርና ከታች የቀረውን ይጠቀማል። ቤንዚን ከቀዳ በኋላ መክፈቻውን ወደ ቦታው ያልመለሰ ሹፌር ግን በሚቀጥለው ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ ይቆማል።

የሻንሲው መሐል ላይ፣ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል የሚያልፈው ጉብታም ዝም ብሎ ጉብታ አይደለም። የመኪናዋ የጀርባ አጥንት እርሱ ነው፤ ውስጡ ደግሞ የካምቢዮው ዘንግ፣ የቤንዚኑ ቱቦ፣ የነዳጅ መስጫው ገመድና የፍሪሲዮኑ ካቦ በየመንገዳቸው ያልፋሉ። ካቦው ከጉብታው ሲወጣ ወደ ካምቢዮው የሚደርሰው በአንድ ተጣጣፊ ቱቦ ውስጥ ነው። ይህ ቱቦ ቀጥ ማለት የለበትም፤ ወደ ታች ከ25 እስከ 45 ሚሊ ሜትር መርገብ አለበት። የረገበው ነገር ለአዲስ ተማሪ የተበላሸ ይመስለዋል፤ ሊወጥረውም ይፈልጋል። ሞተሩ ግን በጎማ ላይ የተቀመጠ ነውና ሲነሳ ይወዛወዛል፤ ያን ውዝዋዜ የሚውጠው ይህ ርግበት ነው። ቱቦው ከተወጠረ መኪናዋ ስትነሳ ትንቀጠቀጣለች፤ ካቦውም ቶሎ ይበጠሳል። ፋብሪካው ለማስተካከያ የሰጠው በቱቦው ጫፍ የሚጨመሩና የሚቀነሱ ጥቂት ቀለበቶችን ብቻ ነው። ሦስት ካቦ ከበጠሰ በኋላ ቱቦውን የሚለካ መካኒክ አለ፤ መጀመሪያ የሚለካም አለ። ልዩነታቸውን ባለመኪናው በኪሱ ያውቀዋል።

የሞተሩ ነገር ከሁሉ ይበልጣል። ፍራንትስ ክሳቨር ራይምሽፒስ የነደፈው ይህ ባለአራት ሲሊንደር ሞተር ውኃ የለውም፤ ራዲያተር የለውም። የሞተሩና የካምቢዮው ቤት የተሠራው በአብዛኛው ማግኒዝየም ከሆነ ቅይጥ ነው፤ ማግኒዝየም ከአሉሚኒየም በሲሶ ያህል ይቀላል። በአንዲት ቮልስ ውስጥ 20 ኪሎ ግራም ያህል ማግኒዝየም አለ። ኩባንያው በ1971 ለዚህ የተጠቀመበት ማግኒዝየም 42,000 ቶን ደርሶ ነበር። ቅለቱ ዋጋ አለው፤ ብረቱ ሙቀት ሲደጋገምበት ብሎኖቹ የተያዙበት ጥርስ ይላላል። እሳት ከያዘ ደግሞ በውኃ አይጠፋም፤ ውኃ ያባብሰዋል። ቮልስ ያለው ሰው ሁሉ ይህን ማወቅ አለበት።

የዘይት ፊልትሮ የለውም። ዘይቱ ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ሲሆን የሚጣራውም ከሥሩ ባለች የሽቦ ወንፊት ነው። ዘይት መቀየር ማለት ወንፊቷንም አውጥቶ ማጠብ ማለት ነው፤ ቡሹን ብቻ ከፍቶ ዘይቱን ያፈሰሰ ሰው ሥራውን በግማሽ ነው የሠራው።

የሦስተኛው ሲሊንደር ታሪክ ግን ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። ከማራገቢያው የሚመጣው አየር ለአራቱም ሲሊንደሮች እንዲደርስ በላሜራ ቤት ተሸፍኖ ይመራል። በዚያው ቤት ውስጥ ዘይቱን የሚያቀዘቅዝ ትንሽ ራዲያተር መሰል ዕቃ ቆሟል፤ የቆመው ደግሞ በሦስተኛው ሲሊንደር መንገድ ላይ ነው። ሌሎቹ ንጹሕ አየር ሲያገኙ ሦስተኛው የሚያገኘው ዘይቱ ያሞቀውንና የቀነሰውን አየር ነው። ዓመታት ባለፉ ቁጥር የጋዝ ማስወጫ ቫልቩ የሚቃጠለው፣ ራሱ ተነቅሎ ፒስቶኑን የሚበሳው በአብዛኛው የሦስተኛው ሆነ። ፋብሪካው ይህን ሲያውቅ ለማንም ሳይታይ መፍትሔ ሰጠ። በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የምትዞረው ባለአራት ጉብታ ዘንግ ላይ የሦስተኛው ሲሊንደር ጉብታ ከሌሎቹ በጥቂት ዲግሪ ዘግይታ እንድትሠራ ተደርጋ ተቀረጸች። የሦስተኛው ካንዴላ ትንሽ ዘግይቶ እሳት ይሰጣል፤ ሲሊንደሩም ትንሽ ይቀዘቅዛል። በዓይን አይታይም፤ በመሣሪያ ካልተለካ አይታወቅም። የሞተሩን ጊዜ በመብራት የሚያስተካክል ሰው ከሦስተኛው ጀምሮ ካስተካከለ አራቱንም ያዛባል። ለ1971 ሞዴል ግን የዘይት ማቀዝቀዣው ከመንገዱ ወጥቶ የራሱ መተላለፊያ ተሠራለት፤ ሦስተኛው ሲሊንደርም ንጹሕ አየር አገኘ። በዚህ ረገድ ፋብሪካው ዘግይቷል ማለት ይቻላል፤ ለብዙ ዓመታት ያን ያህል ሞተር ከሸጠ በኋላ ነው ሥሩን ያረመው።

ከሲሊንደሮቹ ሥር ደግሞ እንደ አኮርዲዮን የታጠፈች ትንሽ የነሐስ ጣሳ አለች። ውስጧ ያለው ፈሳሽ ሙቀት 65 ወይም 70 ዲግሪ ሲደርስ ትለጠጣለች፤ ዘንግ ትገፋለች፤ በማራገቢያው ቤት ውስጥ ያሉት በሮች ይከፈታሉ። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ በሮቹ ዝግ ናቸውና ቶሎ ይሞቃል። ጣሳዋ ብትበሳ ወደ ውስጥ አትኮማተርም፤ ተለጥጣ ትቀራለች፤ በሮቹም እንደተከፈቱ ይቀራሉ። ስትሞት እንኳ ሞተሩን ለማዳን ነው የምትሞት። በብዙ አገር ያሉ መካኒኮች «አገራችን ሞቃት ነው» እያሉ ነቅለው ጥለዋታል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ናት። ጠዋቷ ብርድ ነው፤ አየሯም ስስ ስለሆነ ሲሊንደር ለማቀዝቀዝ ያለው አቅም ከባሕር ዳርቻ አየር ያንሳል። ለዚህች ከተማ ጣሳዋም፣ በሮቹም፣ በሞተሩ ዙሪያ ያለው እያንዳንዱ ላሜራና የጎማ ጥብጣብም ያስፈልጋሉ። ላሜራዎቹ የተገጠሙት ሞተሩ ካሞቀው አየር ንጹሑን ለመለየት ነው። አንዱ ሲጎድል ሞተሩ የራሱን ትኩስ ትንፋሽ መልሶ ይስባል። ሞተር አውርዶ ሲገጥም «ይህቺ ላሜራ ትቅር» የሚል ሰው ከዓመት በኋላ ያንኑ ሞተር ያወርዳል።

ቮልስ ወደ ኢትዮጵያ ታሪክ የገባችበት ቀን መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ወርደው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በቮልስ ነበር። የኋላ በር የላትም፤ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው የፊቱ ወንበር ሲታጠፍለት ጎንበስ ብሎ መግባት አለበት። ለንጉሠ ነገሥቱም የነበረው መንገድ ይኸው ነበር። በዚያ የኋላ ወንበር ሥር የመኪናዋ ባትሪ ተቀምጧል፤ ይህም ከድብቅ ነገሮቿ አንዱ ነው። የወንበሩ የሽቦ ሞላ በክብደት ወርዶ የባትሪውን ጫፎች ከነካ የወንበሩ መሙያ በእሳት ሊያያዝ ይችላል፤ ለዚህም ፋብሪካው መክደኛ ሰጥቶታል። መክደኛው በአብዛኛዎቹ አሮጌ መኪኖች ላይ ጠፍቷል። ቮልስ ያላችሁ ዛሬውኑ ወንበሩን አንስታችሁ እዩ።

የጋራዥ አማርኛም ራሱ ድብቅ ዕቃ ይዟል። ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ካላማዳሪ የሚሉት ቃላት ከጣልያንኛ መጥተው ለጀርመኗም ለጃፓኗም መኪና ስም ሆነዋል። ከእነርሱ ሁሉ ፍሬቻ ልብ ይነካል። በጣልያንኛ ትርጉሙ ቀስት ማለት ነው። ዛሬ ፍሬቻ ብልጭ የሚል ብጫ መብራት ነው፤ ቀስት የሚመስል ነገር የለውም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ቮልስ ላይ ግን በበሩና በኋላው የጎን መስታወት መካከል ባለው ምሰሶ ውስጥ አንድ ክንድ ተሸሽጎ ነበር። ሹፌሩ ሲነካ ኤሌክትሮ ማግኔቱ ይስበዋል፤ ክንዱ እንደ ቀስት ከምሰሶው ይወጣል፤ በውስጡ ያለችው አምፖል ትበራለች፤ ሲለቀቅ ተመልሶ ይደበቃል። በአውሮፓ ይህ እስከ 1960 ቆየ። ክንዱ ጠፍቷል፤ በአማርኛ ግን ሹፌር ሁሉ በቀን ስንት ጊዜ ይጠራዋል።

የመጨረሻዋ ቮልስ ሐምሌ 30 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ፑዌብላ ከፋብሪካ ወጣች። ተራ ቁጥሯ 21,529,464 ነበር። በኢትዮጵያ ደግሞ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል። የሞተር ዘመን እየተዘጋ ነው፤ ከሞተሩ ጋር ዕድሜያቸውን የፈጁት መካኒኮችም እያረጁ ነው። የሚያውቁትን ብዙውን ማንም አልጻፈውም፤ በጣታቸው ላይ ነው ያለው። እንደ ተግባረ ዕድ ያሉ የሙያ ትምህርት ቤቶች አንድ የቮልስ ሞተር ከነሙሉ ላሜራው ገልጠው ቢያቆሙና ሽማግሌዎቹን ጠርተው ቢያስነግሩ ወጪው ትንሽ ነው። ቮልስ ያላችሁም በሚቀጥለው ጊዜ ጋራዥ ስትሄዱ ቁልፉን ሰጥታችሁ አትመለሱ። አጠገባቸው ቁሙ፤ የሚያወጡትን ዕቃ በአማርኛ ስሙ ጻፉት፤ ከየት እንደወጣና ለምን እንደተሠራ ጠይቁ፤ ፎቶ አንሱ።